ስድስተኛዋ ድምፅ

አክስቴ ልትሞት እንደሆነ ያወቅሁት ሰኞ ከሰዓት፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። አባቴ ወንበር ላይ ቆሞ የእሷ ክፍል መስኮት ላይ ብርድ ልብስ በምስማር ሲመታ አገኘሁት። ሁለት ምስማር በከንፈሩ ይዞ ስለነበር በዓይኑ ብቻ ሰላም አለኝ። አክስቴ ወንበሩን ከታች ይዛለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ለምንድን ነው የምትሰቅሉት?» አልኩ።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ። «ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ኮቴ አይሰማም፣ በር አይላተምም፣ አክስትሽ ጋ ማንም አይገባም። ገባሽ?»

በደንብ ገባኝ። ከሁለት ወር በፊት ጎረቤታችን ጡረተኛው አስተማሪ ሲሞቱ ሁሉንም በተራ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ብርሃን ስላስቸገራቸው መስኮታቸው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ። ቀጥሎ እኛ ልጆች በደጃቸው እንዳንሮጥ ተነገረን። ቀጥሎ መብላት ተዉ፣ መናገርም ተዉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ግቢያቸው በሰው ተሞላ። ስለዚህ ሞት እንደ ትምህርት ክፍል በየተራው እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ አንደኛን ሳያልፉ ሁለተኛ የለም።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ «አሮጊቷ» ነው የሚለኝ፤ ዳመና በመጣ ቁጥር ጣሪያችን ይችል እንደሆነ የምጠይቀው እኔ ስለነበርኩ። ጠባዩ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አሁን የልጅ እናት ሆኜ እንኳ ልጄ አሥር ደቂቃ ካረፈደች፣ ከሆስፒታል ሊደወልልኝ ነው ብዬ ስልኬን ጨብጬ መስኮት ላይ እቆማለሁ። እናንተን ግን እንደ ራሴ ላላስጨንቃችሁ፤ አክስቴ አልሞተችም። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ባለፈው እሑድ ደውላ፣ ጉንፋን ይዞኝ ልብስ በማጠቤ ስትቆጣኝ ነበር።

ያን ሳምንት ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። በእኛ ቤት ጓሮ በኩል ባለች ጠባብ ክፍል ትኖር ነበር፤ ቀን ቀን ልብስ ፋብሪካ ኮሌታ ትሰፋለች። ከቤታችን ሰው ሁሉ ብዙ የምትስቀው እሷ ነበረች። ያን ወር የዓመት ዕረፍቷን ወስዳ ቤት ዋለች፣ መሳቋንም ተወች።

ማክሰኞ መናገር አቆመች። ቁርስ ላይ ከደብተሯ ወረቀት ቀደደች፣ «ለብ ያለ ውሃ» ብላ ጻፈችና ወደ እናቴ ገፋችው። እናቴ ምንም ሳይገርማት ውሃውን አሞቀችላት። ዳቦው እንደቀረበላት ቀረ። ጣቶቿ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ሁለቱ ዘግየት፣ አውራ ጣቷ ፈጠን እያለ። የአስተማሪው እጅም እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ከሰዓት ደግሞ ከአባቴ ሥራ ቤት በር ላይ አገኘኋት። አባቴ አናጺ ነው፤ የሚሠራው እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው። እሱ ሳንቃ ይልጋል። እሷ መቃኑን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ጥላለች። ልትወድቅ ነው ብዬ ሮጬ ወገቧን አቀፍኩ። ዓይኗን ገልጣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና ፀጉሬን ዳበሰችው።

«አሮጊቷ፣ ተያት። አትንኪያት» አለ አባቴ ቀና ብሎ።

ሰው እንኳ የማይነካት ሆናለች ማለት ነው።

የመላጊያውን ምት እየወሰደች እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። መላጊያ ረጅሙን መንገድ ሄዶ ቶሎ ይመለሳል። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፤ ከዚያ አናጺው ፍቅፋቂውን እፍ ይላል። የአክስቴ ዘፈኖች ግማሾቹ በዚህ ነው የሚሄዱት፣ እፍ ማለቱ ሳይቀር። ሌላው አስተማሪዋ ግድግዳ ነው። እሷና አባቴ ባደጉበት ቤት ሬዲዮ አልነበረም፤ የጎረቤት ሬዲዮ ግን ከአልጋዋ ራስጌ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሲዘፍን ያመሻል። ግድግዳው ቃሉን ያስቀርና ወፍራሙን ድምፅና ከበሮውን ብቻ ያሳልፍላታል። የጎደለውን ቃል ራሷ ትሞላዋለች። ካደገች በኋላ አንድ ካሴት አሳታሚ «ዘፈንሽ የማንንም አይመስልም፤ የታወቀ ዘፈን ዝፈኚና ላውጣልሽ» ያላት ለዚህ ነው። «የታወቀውን የሚያውቁት ይዝፈኑት» ብላው ወጣች።

እና በዕረፍቷ ወር፣ በዚያች ክፍል፣ ብቻዋን የራሷን ካሴት ልትሠራ ተነሳች። ካልሆነላት ወደ ኮሌታዋ ተመልሳ ስለ ዘፈን ሁለተኛ ላታነሳ ለአባቴ ነግራዋለች። ቃሏን ታከብራለች፤ እሱም ያውቃታል። ለእኔ ያልነገሩኝ እኔ የሰማሁትን ሰፈሩ ስለሚሰማው ነው። መዝፈኗንማ አውቅ ነበር። ድስት እያጠበችም፣ ጫማ እያሰረችም ስለምትዘፍን ግን እንደ ሥራ ቆጥሬው አላውቅም።

ረቡዕ ድምፆቹን ሰማሁ።

ጫማዬን አውልቄ በእግሬ ጣቶች እስከ በሯ ሄድኩ። በሩ ከውስጥ በፍራሽ ተደግፏል። ጆሮዬን ለጠፍኩ። አክስቴ ትዘፍናለች። ጥቂት ቆይታ ሌላ ሴት ተቀበለቻት። የሁለተኛዋ ድምፅ ቁርጥ የአክስቴ ነው፤ ግን ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ፣ ካፊያ እየዘነበበት የሚመጣ ይመስላል። ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ዘፈኑ። አንድ አፍ በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ እንደማያወጣ ለማወቅ ስምንት ዓመት በቂ ነው።

አባቴ ሁልጊዜ «ድምፅሽ የእማዬ ነው፤ ምንም አልቀረሽም» ይላታል። እማዬ የሚላት አያቴን ነው። አያቴ እኔ ሳልወለድ ሞታለች። ስለዚህ ማን እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም፤ አያቴ ልጇን ልትወስድ መጥታለች።

ወደ ጓዳ ስሮጥ እናቴና አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ትደርሳለች?» አለች እናቴ።

«ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ሊያደርግላት አይችልም።»

«ከስታለች እኮ።»

«አየኋት። ምን ላድርግ ታዲያ?»

ያን ጊዜ አዩኝ። እናቴ «ዳቦ ልስጥሽ?» አለችኝ። ሰው ክፉ ወሬ ሲደብቅ ለልጅ የሚሰጠውን ዳቦ ሰጠችኝ።

እሱን ይዤ ግቢ ስወጣ የአክስቴ ደብተር አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ሦስተኛ ክፍል ነኝ፤ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ፣ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር፣ አነባለሁ። ገጹ ሙሉ ተሰርዟል። ሳይሰረዝ የቀረው ሁለት መስመር ነው፦

እኔ ስሄድ ቤቱን እንዳትዘጉት፣
ወንበሬን ከቦታው እንዳታነሱት።

ደብተሩን እንደነበረ መልሼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ሳሎን ሄጄ፣ ማንም እንዳያነሳው ብዬ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። እራት ሲቀርብ እንኳ አልተነሳሁም። «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ሆነች?» አለ አባቴ። ሁሉም የራሱን ያስብ ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት አልሄድኩም። መንገዱ ጥግ ላይ «ሲስተር መርፌ» የምንላቸው ጡረተኛ ነርስ ነበሩ። የሰፈሩን ልጅ በሙሉ ወግተዋል። መንገድ ላይ ካየናቸው መቀመጫችንን በቦርሳችን ሸፍነን፣ ጀርባችንን ለግድግዳ ሰጥተን ነበር የምናልፋቸው። በራሴ እግር ሄጄ በራቸውን ማንኳኳቴ የጭንቀቴን ልክ ይናገራል።

«ሲስተር፣ አክስቴ ልትሞት ነው።»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። ደብቀውታል።»

«ምኗን አመማት?»

«አትናገርም። አትበላም። ጣቷ ይንቀጠቀጣል። ክፍሏን በብርድ ልብስ ሸፍነውታል። አያቴም መጥታ አብራት ናት።»

«እሱስ ጥሩ ነው። አያትሽ ከየት መጣች?»

«ሞታለች እኮ፤ እኔ ሳልወለድ።»

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ከዚያ መልሰው አደረጉት። «ቦርሳዬን አቀብይኝ» አሉ።

ቤት ስንደርስ አባቴ የሠራውን በር ሊያደርስ ወጥቷል፤ እናቴ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ሲስተር ማንንም ሳይጠይቁ እኔን እየተከተሉ ወደ ክፍሏ አመሩ። በሩን ገፉት፤ አልሄደም።

«ምን ደግፈውበት ነው?»

«ፍራሽ። ማንም እንዳይገባ።»

«እንዲህ አፍነው ነው ሰው የሚገድሉት!» አሉና ትከሻቸውን ሰጡት። ሲስተር ሰፊ ሴት ናቸው። ፍራሹ ወደ ውስጥ ተገነደሰ፤ ከጠረጴዛ ላይ አንድ ነገር ይዞ ሲወርድ ሰማሁ። «የታለች በሽተኛዋ? አየር ስጧት! አየር!» እያሉ ገቡ፤ እኔ ከኋላቸው።

አክስቴ መሃል ክፍሉ ላይ ብርድ ልብስ እስከ ጉልበቷ ተከናንባ ቆማለች። ሲስተር ገፈፉት። ጆሮዋ ላይ ትልልቅ ማዳመጫ፣ እፊቷ ማይክራፎን፤ ዓይኗ ተጨፍኖ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። እጃቸው ግንባሯ ላይ ሲያርፍ ጩኸቷን ለቀቀችው።

«ይኸው! ትኩሳት!» አሉ ሲስተር።

«ሲስተር! ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እኮ ነው!»

«ድምፅሽም ጎርንኗል። ምላስሽን አውጪ።»

«ኧረ ሲስተር...»

«አውጪ ብያለሁ!»

አወጣች። ምላሷ ውጭ እያለ ከወለሉ ላይ፣ ከፍራሹ ሥር፣ አያቴ መዝፈኗን ቀጠለች። ድምፅዋ እየተጎተተ፣ እየወፈረ፣ የወንድ እየሆነ ሄደና ቀጥ አለ።

«አያቴ ሞተች?» አልኩ።

አክስቴ ምላሷን ሳትመልስ ዞራ አየችኝ። ከዚያ መለሰችውና «የቷ አያትሽ?» አለች።

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ብርድ ልብሱን፣ የአስተማሪውን መስኮት፣ ለብ ያለውን ውሃ፣ ቅዳሜ ስድስት ሰዓትን፣ ወንበሩን። የምለው ሲያልቅብኝ «አትሙቺብን» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሳጉ ወሰደው።

ተንበርክካ አቀፈችኝ። ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ነበር። ስታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ስል ትስቃለች፤ ደግሜ ሳያት ሁለቱንም ነበር።

«እየዘፈንኩ ነው እኮ የኔ እናት! ዘፈን ነው!»

«ሁለታችሁ?»

«ሁለት ብቻ? አምስት ነበርን። ስድስተኛዋን ልጨምር ነበር።»

አስረዳችኝ። መጀመሪያ ብቻዋን ትዘፍንና አንዱ ቴፕ ይቀዳታል። ከዚያ እሱን በማዳመጫው እየሰማች አብራ ስትዘፍን፣ ሌላው ቴፕ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀዳል። ከዚያ የሁለቱን ታጫውትና ሦስተኛ ትሆናለች። እንዲህ እያለች ብቻዋን ብዙ ሰው ትሆናለች። ብርድ ልብሱ ለመንገዱ ጩኸት ነው፤ አንዴ ከገባ በእያንዳንዱ ዙር አብሮ ይደራረባል። ዝም ያለችው ጉሮሮዋን ለማሳረፍ ነው። ዳቦውንስ? «ጠግቤ መዝፈን አልችልም» አለች።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ደረቴ ላይ ለአራት ቀን የተቀመጠ ድንጋይ ወረደ። ወዲያው ራበኝ፤ እንዴት እንደራበኝ! ሲስተር አልጋው ላይ ተቀምጠው በወረቀት ፊታቸውን ያራግባሉ። «በሽተኛ ከሌለ እኔን በዚህ ጉልበቴ ምን አስሮጠኝ?» ይላሉ። «ለማንኛውም ደም ግፊትሽን ልለካሽ፤ በባዶማ አልመለስም።» ለኩላት። ደህና ነበረች። ይህን በጆሮዬ ሰማሁ።

አክስቴ ከፍራሹ ሥር የወደቀውን ቴፕ አነሳች። ቡናማው የካሴት ክር ከውስጡ ተጎልጉሎ፣ ተጨማድዶ፣ ጥርሱ ውስጥ ተሰንቅሯል። በክንዷ እየለካች ሳበችው፤ አላልቅ አለ።

«ተበላሸ?» አልኩ።

ክሩን በመዳፏ ጠቀለለችው። «ይሄ? ይሄማ አሮጌ ነው። ልጥለው ነበር» አለች።

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። አረፋ የነካ እጆቿን ራሷ ላይ ጭናለች። በፍራሹ መቆሸሽ የተናደደች መሰለኝ።

አባቴ እንደመጣ አክስቴ ሥራ ቤቱ ድረስ ሄዳ አነጋገረችው። ከውጭ ሆኜ ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰማሁም። በኋላ የአባቴ ሳቅ መጣ፤ ሳል እስኪይዘው ድረስ። እራት ላይ አክስቴ «ቅዳሜ ጠዋት ሁላችሁም ትዘፍናላችሁ» አለች።

«እኔ?» አለ አባቴ። «እኔ ከዘፈንኩ የሚመጣው ገዢ ሳይሆን ፖሊስ ነው።»

«አንተ መላጊያህን ይዘህ ና። ሳንቃ ትልጋለህ።»

«እኔስ?» አልኩ።

«ያላንቺማ አይሆንም» አለችኝ። ከመጀመሪያውም የታሰበው እንዲህ እንደሆነ አመንኩ።

ቴፖቹ የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ንብረት ነበሩ። ሰውየው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ቅዳሜ በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ይሄዳል፤ ዕቃውን ይዞ። ያበቃል የተባለው የአክስቴ ዕድሜ ሳይሆን የእሱ ውሰት ነው። ካሴቱ ስምንት ዘፈን ነበረው። ሰባቱን እኔ ትምህርት ቤት በምሆንበት ሰዓት በአንድ ድምፅ ጨርሳቸዋለች። የቀረው ካሴቱ የሚከፈትበት ነው፤ ያለ እሱ ካሴት አይደለም ትላለች።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ጠጋኙ መጣ። ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰው ታጨቅን። አባቴ ሳንቃውን አልጋው ላይ አስተኛ። ሲስተር፣ ዓርብ ለልምምድ ሲጠሩ «እኔ የሰበርኩትን እኔው ልጠግን» ብለው መጥተው ነበር፤ አሁንም ከእናቴ ጎን ቆመዋል። እኔን የምስማር ሳጥን ገልብጠው ከፊት አቆሙኝ።

በመጀመሪያው ዙር አባቴ ፍቅፋቂውን እፍ ሲል እናቴ ፊት ላይ በረረ፤ ማስነጠሷ ዘፈኑን ገደለው። በሁለተኛው ሲስተር ስሜት ውስጥ ገብተው እኛ ስናቆም እሳቸው ቀጠሉ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ፤ ጣፍጦኝ ነው» አሉ። በሦስተኛው መንገድ ላይ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ጠጋኙ ሰዓቱን አየ። አምስት ከሩብ ሆኗል። አክስቴ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ «አንድ ጊዜ ብቻ። እኔን አትዩኝ፤ ዝም ብላችሁ ዝፈኑ» አለች።

እኔ ስሄድ ቤቱን እንዳትዘጉት ብለን ጀመርን። ሳለቅስበት የሰነበትኩትን ቃል አፌን ሞልቼ ዘፈንኩት። የሲስተር ወፍራም ድምፅ ከኋላዬ እንደ ግድግዳ ቆሞልኛል፤ መላጊያው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ስንጨርስ ጠጋኙ እጁን አነሳ።  ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነ፤ ማዳመጫውን አጥልቆ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማው። ፊቱ ምንም አይናገርም። እኔ እንደ ልማዴ ክፉውን ጠበቅሁ፤ አልቀዳም፣ ክሩን በልቶታል፣ የእኔ ድምፅ አበላሽቶታል።

ማዳመጫውን አወለቀ። «የእኔ ሥራ ብልሽት መፈለግ ነው» አለ። «አላገኘሁም።»

አክስቴ ፍራሹ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «የሚበላ ነገር አለ?» አለች።

ያ ካሴት ከፋብሪካው በር፣ ከትምህርት ቤት ደጅ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አሥር ሌላ ሠርታለች፤ ሁሉም ላይ ያለው ስም የራሷ ብቻ ነው። በዓይነታቸው የሚለያዩ ቢሆኑም፣ ሁሉንም ሰው አንድ ክፍል ሰብስባ አንድ ጊዜ ነው የምትቀዳው። ለምን ብቻዋን መደራረቡን እንደተወች ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

አምና ቤት ስትቀይር ላግዛት ሄድኩ። ልጄም አብራኝ ነበረች፤ እሷም በክፍሏ ተዘግታ የራሷን ዘፈን በኮምፒውተር የምትሠራ፣ በሯ በተዘጋ ቁጥር ነፍሴን የምታስጨንቅ ልጅ ናት። ካሴቶች ስንሰበስብ «ሐሙስ» የሚል የተጻፈበት አገኘች፤ አሮጌ ማጫወቻ ውስጥ ከተተችው። አምስት ሴቶች ማዜም ጀመሩ። ሁሉም አክስቴ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ አንዷ ስታርፍ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ልክ አንድ ሰው አምስት ሳንባ እንዳለው። ስድስተኛዋ ከቅርብ ገባች፤ ሁለት መስመር ዘፈነች። ከዚያ ግው! «የታለች በሽተኛዋ? አየር ስጧት!» ቀጥሎ የአንዲት ትንሽ ልጅ ለቅሶ።

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ መልሳ ከፈተችው። «እማ፣ እነዚህ አምስቱ የታሉ? የመጀመሪያው ካሴት ላይ እንዲህ አይደለም እኮ።»

ያኔ ገባኝ። ወለሉ ላይ የተበላው ክር አሮጌ አልነበረም። እነሱ ነበሩ። የአራት ቀን ሥራ፤ ሊሰናበት ሁለት ቀን የቀረው ሰው ቴፕ። ልጥለው ነበር ያለችኝ ዕድሏን ነው። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

አክስቴ ካርቶን ታቅፋ ስትወርድ አገኘችኝ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ሐሙስን ሰማሁት። እውነቱን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

 «ብነግርሽ ኖሮ ከዚያ ወዲህ የሰው በር አትገፊም ነበር» አለች። «እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። አንድ ቀን የምር ሲያመኝ ፍራሹን ጥሶ የሚገባ ሰው ያስፈልገኛል። እሱን በአንድ ዘፈን አልለውጥም ብዬ ነው።»

«አሞሻል እንዴ?» አልኩ ብድግ ብዬ።

«ኧረ ያዢ እስቲ ይሄን!» ብላ ካርቶኑን ደረቴ ላይ አስቀመጠችው።

በመጽሐፍ የተሞላ ነበር፤ ወገቤ እጥፍ አለ። ከሁለተኛ ፎቅ ብቻዋን ይዛው ወርዳለች። ቆሜ አዳመጥኳት፤ ትንፋሿ እንኳ ከፍ አላለም።